አለቱ አላስገባም አለ፤ የሶላሩን ኧርዝ የት ልቅበረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ቤት ኤሌክትሪክና ሶላር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 12 ፓነሎች መሬት ላይ በተተከለ የብረት መደብ ላይ አሰርቻለሁ። ከቤቱ 40 ሜትር ገደማ ይርቃሉ። የፓነሎቹን ዲሲ ወደ ቤት ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ያለው ቤት ውስጥ ነው። ገመዱ ለጊዜው በላይ በላይ ተዘርግቷል፤ ቦዩን ገና አላስቆፈርኩም። ያስቸገረኝ ኧርዙ ነው። ከላይ ስስ አፈር አለ፣ ከሥሩ አለት ነው። 2 ሜትር ከ40 የሆነውን ሮድ ስንመታው 60 ሴንቲ ላይ ቆመ። ቦታ ብንቀይርም ያው ነው። አንዱማ ጭራሽ ተጣሞ ወጣ። ኤሌክትሪሻኑ «የተረፈውን በግራይንደር ቆርጠን እንገላገል» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ጨውና ከሰል አድርግበት አለኝ። ከቤቱ ኧርዝ ጋር በሽቦ ማገናኘት አያስፈልግም፣ የራሱ ሮድ ይበቃዋል ያሉኝም አሉ። በዚህ ላይ ሰሞኑን ፓነሉን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ፍሬሙ ነዘር አደረገኝ። ምን ይሻለኛል?
— ከአለት ጋር የተጣላሁት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ መጨረሻ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። የነዘረህ ነገር ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ ያንን ፍሬም አትንካ። ልጆችም አይጠጉት። ኢንቨርተሩን አጥፋ። መጀመሪያ የኤሲውን ብሬከር፣ ቀጥሎ የዲሲውን ማጥፊያ። ይህን ስላደረግህ ግን ፓነሎቹ ሞቱ ማለት አይደለም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ቮልቴጁ ገመዱ ላይ አለ። 12 ፓነል በተከታታይ ሲያያዝ፣ እንደ ፓነሉ ዓይነት፣ 500 ወይም 600 ቮልት ዲሲ ሊደርስ ይችላል። በዚህ አይቀለድም።

ንዝረቱ የሚመጣው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም። ፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎችና ዙሪያውን ያለው የአሉሚኒየም ፍሬም በመስታወትና በፕላስቲክ ተለያይተው ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ኬፓሲተር (ሳይነካኩ ኤሲን የሚያሳልፍ ዕቃ) ይሆናሉ። ትራንስፎርመር የሌለው ኢንቨርተር ሲሠራ በዲሲው ሽቦዎች ላይ የኤሲ ሞገድ ይጭናል። በዚያ ኬፓሲተር በኩል ትንሽ ከረንት ወደ ፍሬሙ ያመልጣል። ፓነሉ ከረጠበ ያመለጠው ይበዛል። ፍሬሙ በሽቦ ከኧርዝ ጋር ከታሰረ ከረንቱ በሽቦው ይሄዳል፣ አንተም አታውቀውም። ካልታሰረ ግን መንገዱ አንተ ነህ። ሁለተኛው ምክንያት የከፋ ነው። የሆነ ቦታ የዲሲ ገመድ ተልጦ ፍሬሙን ነክቶ ይሆናል። ሁለቱን በስሜት መለየት አይቻልም። በመሣሪያ ይለያል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይነግሩሃል፤ ፍሬምህ ከምንም ጋር አልታሰረም።

አሁን ወደ ሮዱ እንምጣ። ሁላችሁም ያተኮራችሁት አለቱ ላይ ነው። እኔ ግን ይበልጥ ያስጨነቀኝ «በሽቦ ማገናኘት አያስፈልግም» የሚለው ምክር ነው። ሰው ኧርዝ ሲባል ትዝ የሚለው መሬት ውስጥ የተቀበረው ብረት ነው። ከኮረንቲ የሚያድንህ ግን በዋናነት እሱ አይደለም። የሚያድንህ ፍሬሙን፣ መደቡን፣ ኢንቨርተሩንና የቤቱን ዋና ቦርድ አንድ የሚያደርገው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳይህ። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ አንድ ነጠላ ሮድ ከ25 ኦም በላይ ካሳየ (ኦም ከረንትን የመከልከል መለኪያ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) ሁለተኛ ጨምር ይላል። እንግዲህ አለት የሌለበት ጥሩ መሬት አግኝተህ 25 ኦም አገኘህ እንበል። አንድ 230 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ፍሬሙን ነካ። ወደ መሬት የሚሄደው ከረንት 230 ሲካፈል ለ25፣ 9 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር 9 አምፔርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሳይወርድ እንደበራ ይቀመጣል። ፍሬሙም ኮረንቲ ተሸክሞ ሰው ይጠብቃል። ይህ በጥሩ መሬት ነው። አለት ላይ 300 ኦም ቢሆን ደግሞ ከረንቱ 1 አምፔርም አይሞላም። ስለዚህ ራሱን የቻለ ሮድ፣ ወርቅ መሬት ላይ ቢተከል እንኳ፣ የሽቦውን ሥራ አይሠራም። ያው ኮድ ለፓነሎቹ ተጨማሪ ሮድ መትከልን ይፈቅዳል። ሮዱ የሽቦው ምትክ እንዲሆን ግን አይፈቅድም።

ተለያይቶ መቅረቱ ሌላም መዘዝ አለው፤ መብረቅ። መብረቅ ፓነሎቹ አጠገብ ሲወርድ እዚያ ያለው መሬት ለቅጽበት በሺህ የሚቆጠር ቮልት ከፍ ይላል። ቤቱ ጋ ያለው መሬት ግን ባለበት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ብቸኛው ነገር የዲሲ ገመድህ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ልዩነት የሚያርፈው ገመዱ ጫፍ ላይ ባለው ኢንቨርተር ላይ ነው። አለት ላይ ይህ ይብሳል፤ መሬቱ ከረንቱን ቶሎ አይበትነውምና።

እንግዲህ መጀመሪያ የምታደርገው ሮድ መምታቱን ማቆም ነው። ከፓነሎቹ መደብ እስከ ኢንቨርተሩና እስከ ቤቱ ዋና የኧርዝ ባር ድረስ፣ ከዲሲው ገመዶች ጋር ጎን ለጎን፣ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ትዘረጋለህ። ቢያንስ ባለ 6 ካሬ ሚሊ መዳብ ይሁን። የመብረቅ መከላከያ ከተተከለ ባለ 16። የአገርህ ደንብ ከዚህ በላይ ከጠየቀ እሱን ተከተል። ፖዘቲቩ፣ ኔጋቲቩና ኧርዙ አንድ ላይ ተጠጋግተው ይሂዱ። ተራርቀው ከሄዱ በመካከላቸው ሰፊ ቀለበት ይፈጠራል፤ ሩቅ የወረደ መብረቅ እንኳ በዚያ ቀለበት ቮልቴጅ ይቀሰቅሳል።

ከዚህ በኋላ መሬቱን እናስባለን። ደስ የሚለው ነገር መልሱ ራስህ ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው። ሮዱ 60 ሴንቲ ገብቷል ብለሃል። ያ ማለት 60 ሴንቲ አፈር አለህ ማለት ነው። ለገመዱም 40 ሜትር ቦይ ማስቆፈርህ አይቀርም። ታዲያ ቁልቁል ምን አታገለህ? ወደ ጎን ሂድ።

ሮድ ቁልቁል የሚመታው ቦታ ስለማይፈጅና እርጥበቱ ወደ ታች ስለሚጨምር ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። መሬት የሚፈልገው ከብረት ጋር የሚነካካበትን ርዝመት ነው። ባለሙያዎች ለግምት የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ፣ ማለትም ከረንትን የመከልከል ጠባዩ፣ 300 ኦም ሜትር ነው እንበል። 2 ሜትር ከ40 ሮድ ሙሉ በሙሉ ቢገባ 120 ኦም ገደማ ይሰጥሃል። 60 ሴንቲ ላይ የተቆረጠው ሮድ ከ370 ኦም በላይ ይሆናል፣ ሦስት እጥፍ። በዚያው አፈር ውስጥ 40 ሜትር ባዶ የመዳብ ሽቦ አጋድመህ ብትቀብር 15 ኦም ገደማ ነው። አንተ ዘንድ ከሥር አለት ስላለ ሦስቱም ቁጥሮች ከዚህ መክፋታቸው አይቀርም። ደረጃቸው ግን አይገለበጥም። ሮዱ ደግሞ አለቱን ሰንጥቆ ቢገባልህም ብዙ አትደሰት። ደረቅ ግራናይት ሺህዎች ኦም ሜትር አለው። ለብረቱ ማረፊያ ሰጠኸው እንጂ ከመሬት ጋር አላነካካኸውም።

ስለዚህ ቦዩን ስታስቆፍር እንዲህ አድርግ። አፈሩ እስከፈቀደልህ ድረስ ጥለቅ። የአሜሪካው ኮድ ለተጋደመ ሮድም ለቀለበት ሽቦም 75 ሴንቲ ይላል። አለቱ 60 ላይ ካስቆመህ፣ የሚመረምርልህን አካል አስቀድመህ አነጋግር። ከቦዩ ወለል ላይ ፕላስቲክ የሌለው ባለ 35 ካሬ ሚሊ የመዳብ ሽቦ አጋድም። በላዩ ላይ የጠጠር ፍርካሽ አትመልስበት። ከተቆፈረው ውስጥ ደቃቁን አፈር ለይተህ ሽቦውን አልብሰው፣ ውኃ አርከፍክፍና ጠቅጥቀው። ይህን ሠራተኞች አይወዱትም። የወጣውን ድንጋይ እንዳለ ገፍተው መጨረስ ነው የሚቀናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ከሆነ ግን በሽቦውና በመሬቱ መካከል የሚቀረው አየር ነው። የአፈሩ ንብርብር 20 ሴንቲ ያህል ሲሆን የዲሲውን ገመድ የያዘውን ቱቦ ከላይ ታስቀምጣለህ። ባዶው ሽቦ በአንድ ጫፉ ከፓነሎቹ መደብ፣ በሌላው ከቤቱ ዋና ኧርዝ ይታሰራል። በቱቦው ውስጥ የሚሄደው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ግን አይቀርም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሽቦ ከተረፈህ በፓነሎቹ መደብ ዙሪያ ቀለበት አዙርበትና እግሮቹን እሰርበት። ዓለም አቀፉ የመብረቅ መከላከያ ደረጃ፣ አይ ኢ ሲ 62305፣ ራቁቱን በተዘረጋ አለት ላይ የሚመክረው ይህንኑ የቀለበት ዓይነት ነው።

ሮዶቹ ተገዝተው አሉ፣ አይጣሉም ካልከኝ ኮዱ መውጫ አስቀምጦልሃል። ቀጥ ብሎ ካልገባ እስከ 45 ዲግሪ አጋድለህ ምታው። እሱም ካልሆነ ቦይ ውስጥ አጋድመህ ቅበረው። መቁረጥ ግን በምርጫዎቹ ውስጥ የለም። የኤሌክትሪሻንህን ስም ማጥፋት አልፈልግም፤ ፀሐይ ላይ አለት ሲደበድብ የዋለ ሰው ግራይንደር ቢያምረው አይገርመኝም። ግን ጫፉ ከመሬት በላይ ቆንጆ ሆኖ የሚታይ፣ ከሥር 60 ሴንቲ የሆነ ሮድ ባለቤቱን ለዓመታት ሲያታልል ይኖራል።

ጨውና ከሰል። ጎረቤትህ የሰማውን ነው የነገረህ፤ ነገሩም ጭራሽ ውሸት አይደለም። ጨው የረጠበውን አፈር በርግጥ ያሻሽላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ታጥቦ ይሄዳል። እስኪሄድ ድረስ ደግሞ ብረቱንና ማያያዣውን ይበላል። በየጊዜው እየቆፈርክ ካልጨመርክ መጨረሻህ ጨው የሌለው፣ የዛገ ሮድ ነው። አፈሩን ማሻሻል ካለብህ ቤንቶናይት ፈልግ። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ ነው። ከረጠበ በኋላ ሬዚስቲቪቲው ወደ 2.5 ኦም ሜትር ይወርዳል። እንደ ጭቃ አቡክተህ ሽቦውን ዙሪያውን ታለብሰዋለህ። አለቱን በማሽን በስተው ሮድ የሚያስገቡ ባለሙያዎችም ቀዳዳውን የሚሞሉት በእሱ ነው። ጉድለቱ፣ ጨርሶ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከብረቱ ይላቀቃል። በጣም ደረቅ በሆነ ቦታ ለኧርዝ ተብሎ የሚሠራው፣ ደርቆ የሚጠነክረው ኮንክሪት መሰል ዱቄት ይሻላል።

መደብህን የያዙት የኮንክሪት እግሮች ቀድመው ስለተሞሉ ለአንተ አልፏል። ሌላ አንባቢ ግን ገና ያልሞላ ካለ ይህን ሳያነብ አይሙላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኸርበርት ዩፈር የተባለ የአሜሪካ ጦር አማካሪ፣ በአሪዞና ደረቅ ምድር ላይ ለቦምብ ማከማቻዎች ኧርዝ እንዲያበጅ ተጠየቀ። ዝናብ የለ፣ እርጥበት የለ። እሱም መሠረቱ ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ፌሮ ራሱን ኧርዝ አደረገው። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲለካ 2 እስከ 5 ኦም ነበር። ኮንክሪት ከመሬቱ እርጥበት እየሳበ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። ዛሬ ኮዱ ይህን ዓይነት ኧርዝ በክብር ይቀበለዋል። ቢያንስ 6 ሜትር፣ ውፍረቱ 13 ሚሊ የሆነ ፌሮ፣ 5 ሴንቲ ኮንክሪት የለበሰ፣ ኮንክሪቱም አፈሩን በቀጥታ የነካ። ከሥር የፕላስቲክ ሸራ ከተነጠፈ ከንቱ ነው። የተናጠል እግሮችን ፌሮ በቦይ እያገናኙ መሙላት ትንሽ ሲሚንቶ ይጨምራል እንጂ ከአለት ጋር ከመታገል ይቀላል።

ወደ ፍሬሙ ልመለስ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚሸወደው። የንዝረቱ ምክንያት ተጣርቶ ከተስተካከለ በኋላ፣ መልቲሜትርህን በድምፁ ላይ አድርግ። ሁለቱን ጫፎች የፓነሉ ፍሬም ላይ ቀስ አድርገህ አሳርፍ። ዝም ይላል። አሉሚኒየም አይደለም እንዴ? ነው። ግን አኖዳይዝድ ነው፤ ላዩ ኮረንቲ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ተለብጧል። አሁን ሹሉን ጫፍ ጫን ብለህ ጫር ጫር አድርገው። ጢ... ይላል። ፓነሉ መደቡ ላይ በቡሎን ስለታሰረ ብቻ ከመደቡ ጋር በኤሌክትሪክ ተገናኝቷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ሽፋኑን የሚበሳ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ወይም ለዚሁ የተሠራ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ወይም ፍሬሙ ላይ የኧርዝ ምልክት ባለበት ቀዳዳ በቡሎን ሽቦ ታስራለህ። ያልተለበጠ መዳብ አሉሚኒየምን በቀጥታ አይንካ። እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቲን የተለበጠ የሽቦ ጫፍና አይዝጌ ብረት ቡሎን ተጠቀም። ሽቦውን ከፓነል ወደ ፓነል ስታስኬድም አንዱን ፓነል ለጥገና ብታወርድ የሌሎቹ ኧርዝ እንዳይቋረጥ አድርገህ ይሁን።

ከመሬት በታች ያለ ማያያዣም እንዲሁ ይታሰብበት። ለመቀበር የተፈቀደ የነሐስ ክላምፕ ወይም በሙቀት የሚበየድ መጋጠሚያ እንጂ፣ ከየትም የተገኘ ቡሎን አይሆንም። ከቀበርከው በኋላ አታየውማ።

ሰርጅ መከላከያውን፣ ማለትም በመብረቅ ድንገት የሚዘልለውን ቮልቴጅ ወደ ኧርዝ የሚያወርደውን ዕቃ፣ በሁለቱም ጫፍ አድርግ፤ አንዱ ፓነሎቹ ጋ፣ አንዱ ኢንቨርተሩ ጋ። በመካከላቸው ከ10 ሜትር በላይ ካለ አንድ አይበቃም። የአንተ 40 ነው። ከሰርጁ ወደ ኧርዝ የሚሄደው ሽቦ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፣ ከግማሽ ሜትር አይለፍ። መብረቅ ለሽቦ ውፍረት ብዙም ግድ የለውም፤ ርዝመቱና ጥምዝምዙ ግን ያስቸግረዋል። ለቅንጦት ብሎ ትርፉን ሽቦ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ካየህ እንዲያሳጥረው ንገረው።

በመጨረሻ መለካት አለበት። በመልቲሜትር የመሬት ኧርዝ አይለካም። ለዚሁ የተሠራው ባለ ሦስት ሽቦ መለኪያ ያስፈልጋል። ሁለት ረዳት ካስማዎች ርቀት ላይ ይተከላሉ። ሩቁ ለምሳሌ 60 ሜትር ላይ ከሆነ፣ መካከለኛው በ62 በመቶው፣ ማለትም 37 ሜትር ግድም ላይ ይሆናል። እንደ አንተው ያለ ረጅም ሽቦ ሲለካ ሩቁ ካስማ የበለጠ መራቅ አለበት፣ አቅጣጫውም ከቦይህ ጋር ትይዩ አይሁን። ካስማው አለት ላይ አልገባ ካለ አትምታው። እርጥብ ጨርቅ አለቱ ላይ አንጥፍ፣ በላዩ ዝርግ ብረት አስቀምጥ፣ ውኃ አፍስስበት፣ መለኪያውን እዚያ ላይ እሰር። ይሠራል። ሲለካ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ የሚለካው ኧርዝ ከሌላው ተነጥሎ ነው። እናም በደረቁ ወቅት ይለካ። በዝናብ ማግስት የተለካ ኧርዝ ሁሌም ጎበዝ ነው።

ቁጥሩ እንደ መጽሐፉ አልሆንልህ ካለም አትደንግጥ። ቤትህ የራሱ ኧርዝ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አር ሲ ዲ፣ ማለትም ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ የግድ ይኑርህ። ደንቡ የሚለው የኧርዙ ኦም በአር ሲ ዲው አምፔር ሲባዛ ከ50 ቮልት አይብለጥ ነው። 50 ሲካፈል ለ0.03፣ 1,667 ኦም ይሆናል። አለት ላይ ያለ ኧርዝ እንኳ ይህን ያሟላል። ለማስተማመኛ ግን ከ200 ኦም በታች እንዲሆን ይመከራል፤ ከዚያ በላይ ያለ ኧርዝ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ይዋዥቃል። የአር ሲ ዲውን ዓይነት ከኢንቨርተሩ መመሪያ ላይ እይ፤ አንዳንዱ ኢንቨርተር ዲሲ ከረንትንም የሚያውቀውን «ታይፕ ቢ» ይጠይቃል። ደግሞም ላዩ ላይ ያለው የሙከራ ቁልፍ አር ሲ ዲውን ነው የሚፈትነው። ኧርዝህ ቢበጠስም ቁልፉን ስትጫነው ጠብ ብሎ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ሶላር ጠዋት ጠዋት አይነሳም ነበር። ኢንቨርተሩ ላይ የኢንሱሌሽን ስህተት የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ጤዛው ሲደርቅ ወደ አራት ሰዓት ላይ በራሱ ይነሳል። የመጣው ባለሙያ ከፓነሎቹ መደብ ጋር የታሰረውን የኧርዝ ሽቦ ሲነቅለው ስህተቱ ጠፋ። አሁን በሰላም እየሠራ ነው። ኧርዙ ነበር ማለት ነው የተበላሸው?
— ጠዋት የማይነሳልኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ኧርዙ አልተበላሸም። ኧርዙ እየነገረሽ ነበር፤ ባለሙያው አፉን ዘጋው። ሽቦውን ዛሬውኑ አስመልሺ፣ እስከዚያ ኢንቨርተሩ ይጥፋ።

ኢንቨርተር ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በዲሲው ገመዶችና በኧርዙ መካከል ያለውን ኢንሱሌሽን (ኮረንቲ እንዳያመልጥ የሚከላከለውን ልባስ) ይለካል። ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ አልነሳም ይላል። የአንቺ በጤዛ ጊዜ ብቻ መሆኑ ፍንጩን ሁሉ ይናገራል። የሆነ ቦታ የተላጠ ገመድ ወይም ውኃ የገባበት ማገናኛ አለ። ሲረጥብ ወደ መደቡ ያፈሳል፣ ሲደርቅ ይተወዋል። የኧርዙ ሽቦ ሲነቀል ማፍሰሱ አልቆመም። ኢንቨርተሩ ነው ማየት ያቃተው። መደብሽ በደረቅ አለት ወይም በደረቅ ኮንክሪት ላይ ከቆመ፣ አሁን ያ የዲሲ ቮልቴጅ ብረቱ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በዝናብ ቀን ማንም እንዳይነካው።

የሚፈለገው ቦታ ብዙ አይደለም። ባለሙያው ጤዛ ባለበት ሰዓት ይምጣ፤ ከሰዓት ቢመጣ ምንም አያገኝም። ኢንቨርተሩ ጠፍቶ፣ የዲሲውም ማጥፊያ ጠፍቶ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየነጠለ በኢንሱሌሽን መለኪያ ይፈትናቸው። ጥፋተኛው መስመር ከተለየ በኋላ በዓይን ነው። ገመድ በፓነሉና በመደቡ መካከል ተጨፍልቆ እንደሆነ፣ በብረት ጠርዝ ላይ በነፋስ ሲፈተግ የኖረ እንደሆነ ይታይ። ማገናኛዎቹም መሬት ላይ ወድቀው ውኃ ውስጥ ተኝተው እንደሆነ። መሬት ላይ በተተከለ ሶላር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸኛው ነው። የገመድ ማሰሪያው ፕላስቲክ በፀሐይ ይበጠስና ማገናኛው ይወርዳል። ከሁለት የተለያየ ፋብሪካ የመጡ ማገናኛዎች ተጋጥመው ከሆነ ደግሞ በአንድ ዓይነት ይተኩ፤ የገጠሙ ይመስላሉ እንጂ ውኃ ያስገባሉ።

ጥያቄ፦ የፓነሎቹን ኔጋቲቭ ሽቦ ከኧርዙ ጋር ማገናኘት አለብኝ? እንደ መኪና ነው ያሉኝ አሉ።
— ግራ የገባኝ

መልስ፦ ኢንቨርተርህ ትራንስፎርመር የሌለው ከሆነ፣ አሁን የሚሸጡት የቤት ኢንቨርተሮች ደግሞ አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው፣ በፍጹም አታገናኝ። ውስጡን የምታቃጥለው አንተው ነህ። የሚታሰረው ፍሬሙና መደቡ ነው፤ ሁለቱም የዲሲ ሽቦዎች ነጻ ሆነው ይቀራሉ። ባትሪ ባላቸው የ12 ወይም የ24 ቮልት ትንንሽ ሲስተሞች አምራቹ ኔጋቲቩን ኧርዝ አድርግ ሊል ይችላል። ያኔም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ሁለት ቦታ ከሆነ ከረንቱ በኧርዙ ሽቦ መመላለስ ይጀምራል።

ከመስመር ውጭ በሆነ ሲስተም ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ኢንቨርተሩ የሚያወጣው የ230 ቮልት ኒውትራል አንድ ቦታ ላይ ከኧርዝ ጋር መታሰር አለበት። ካልታሰረ አር ሲ ዲህ ጌጥ ነው፤ ከረንቱ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ አይወርድም። አንዳንድ ኢንቨርተር ይህን በውስጡ በራሱ ያደርጋል፣ አንዳንዱ አያደርግም። መመሪያውን አንብብ ወይም ባለሙያህ ለክቶ ይንገርህ። በግምት አታስረው፤ ውስጡም ውጭም ከታሰረ አር ሲ ዲው ያለ ምክንያት ሲወርድ ታድራለህ።